በእጃችን የነበረው ባቡር

ነበረን። ማንም አልነጠቀንም። ጎርፍ አልወሰደው፣ ጦርነት አላፈረሰው። አዲስ አበባ የከተማ ባቡር ነበራት፤ እኛው በገዛ ግዴለሽነታችን አመነመንነው።

መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ የተዘረጋው መስመር ሥራ ጀመረ። በዚያው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ያለው ተከተለ። ሁለት መስመር። 39 ጣቢያ። 41 ባቡር። ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድ። 475 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት፤ ከዚህም 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነበር። ከሰሐራ በታች ባለችው አፍሪካ እንዲህ ያለ ዘመናዊ ቀላል ባቡር በመዘርጋት የቀደመን ከተማ አልነበረም። ስንት ነገር ላይ ኋላ የቀረን ሰዎች በዚህ ቀደምን። ቀድመን ምን አደረግነው?

ያን ሰሞን የነበረውን ደስታ የምናስታውስ ብዙ ነን። ጉዳይ ያለውም የሌለውም ይሳፈር ነበር። ከአያት ተነስቶ ጦር ኃይሎች ድረስ፣ ከዚያም መልሶ፣ ከተማውን ከፍ ብሎ ለማየት ብቻ የሚሄድ ሰው ነበር። ልጆች በመስኮቱ ላይ ተለጥፈው የሚያውቁትን ሰፈር እንደ አዲስ ያዩ ነበር። ያ ደስታ የዋህነት አልነበረም። ሰው በግብሩ የሚከፈል ዕዳ የተገባለትን ነገር በዓይኑ አየ፤ ተሳፈረበት፤ የእኔ ነው አለ። አንድ የከተማ አስተዳደር ከነዋሪው ዘንድ ሊያገኝ የሚችለው ትልቁ ሀብት ይህ እምነት ነው። ያ እምነት በነፃ ተሰጥቶን ነበር።

ባቡሩ ለማን ነበር? መኪና ላለው ሰው አልነበረም። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስታ ከአያት ወዲያ ማዶ ወደ መሀል ከተማ ቢሮ ለማጽዳት ለምትሄደው ሴት ነበር። ከሳሪስና ከቃሊቲ ተነስቶ መርካቶ ጭነት ለመሸከም ለሚወጣው ወጣት ነበር። ለተማሪው፣ ለጡረተኛው፣ ለአነስተኛ ነጋዴዋ ነበር። ሲጀመር ትኬቱ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ባለታክሲው መንገዱን ቆርጦ ሲጭን ለአንድ ጉዞ ሁለትና ሦስት ጊዜ ለሚከፍል ሰው ይህ ልዩነት የቤት ወጪ ነው፤ የልጅ ደብተር ነው። ደግሞም አንዱ ባቡር እስከ 286 ሰው ይጭናል። ይህ ከሃያ የሚበልጡ ሚኒባሶች የሚጭኑት ሰው ነው። ሃያ ሚኒባስ ከመንገድ ሲነሳ ምን ያህል ጭስ፣ ምን ያህል ጡሩምባ፣ ምን ያህል ግጭት አብሮ እንደሚነሳ አስቡት።

ከዚያስ? ከዚያማ ባቡሮቹ አንድ በአንድ መቆም ጀመሩ። ለጥገና ገቡ ተባለ፤ ገብተው ቀሩ። በየጥቂት ደቂቃው ይመጣ የነበረው ባቡር ግማሽ ሰዓት ያስጠብቅ ጀመር። ሲመጣም እግር ማስገቢያ የለውም። ሥራ ከጀመረ አሥር ዓመት ሳይሞላው፣ ከ41ዱ ውስጥ የሚንቀሳቀሱት ከአሥር በታች መሆናቸው በይፋ ተነገረ። በወጉ የተያዘ የከተማ ባቡር ሠላሳ ዓመት ያገለግላል። የኛዎቹ ገና በልጅነታቸው ዴፖ ውስጥ ተገትረው ቀሩ። ተሳፋሪው ምን አደረገ? ሁለት ሦስት ቀን ጠበቀ፤ ከሥራው ዘገየ፤ ተቆጡት። ከዚያ ተመልሶ የታክሲ ሰልፍ ያዘ። ማንም በሰልፍ አልወጣም፤ ማንም በር አላንኳኳም። በደስታ የተቀበልነውን ባቡር በዝምታ ለቀቅነው።

ምክንያቱን ስንጠይቅ የሚነገረን የታወቀ ነው። መለዋወጫ የለም። የውጭ ምንዛሪ የለም። መብራት ይቆራረጣል። ገመድ ይሰረቃል። መኪና አጥሩን ጥሶ ሐዲድ ላይ ይወጣል። ሁሉም እውነት ነው። ግን ከዚህ ውስጥ ያልታወቀው የትኛው ነው? ብረት በብረት ላይ ሲሄድ እንደሚበላ የማያውቅ ማን ነው? የባቡሩ ዕቃ በአገር ውስጥ እንደማይሠራ ሲገዛ አልታወቀም ነበር? የአዲስ አበባ መብራት እንደሚጠፋ ለማወቅ ጥናት ያስፈልግ ነበር? ሥራውን ለማስጀመርና ሰዎቻችንን ለማሠልጠን በውል የመጡት የቻይና ባለሙያዎች ውላቸው ሲያልቅ እንደሚሄዱ ውሉ ራሱ ይናገር ነበር። ቀኑ ይታወቅ ነበር። የሚታወቅ ቀን መጥቶ ሲደርስ እንደ ድንገተኛ አደጋ ተቀበልነው። ላም ገዝቶ ድርቆሽ ያላሰበ ገበሬ ላሚቱ ስትከሳ ማንን ይከሳል?

ገንዘብ አልነበረም ይባላል። መቼ ነው ያልነበረው? ባቡሩ ሥራ ሲጀምር አንድ ዶላር 21 ብር ገደማ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ገበያ ሲለቀቅ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በ21 ብር ያልተገዛው መለዋወጫ በ100 ብር ጊዜ እንዴት ይገዛል? በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየተመደበ መጋዘን ቢሞላ ኖሮ፣ ዛሬ የምንለምነውን ያኔ በሩብ ዋጋ በእጃችን ባደረግነው ነበር። ያሳለፍነው እያንዳንዱ ዓመት ነገሩን የበለጠ አስወደደው። ዕዳው ግን አልጠበቀንም። ዕዳው በዶላር ነው። ባቡሩ ሲሄድም ይቆጠራል፤ ባቡሩ ሲቆምም ይቆጠራል። ዴፖ ውስጥ ለቆመ ባቡር ብድር መክፈልን የመሰለ ኪሳራ ምን አለ?

የትኬቱንም ነገር እናንሳው። ዋጋው ዝቅተኛ የሆነው ለድሃው ታስቦ ነው። አሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን የትኬቱ ገቢ ወጪውን እንደማይሸፍን ከመጀመሪያው የታወቀ ነበር። ታዲያ ጉድለቱን ማን ይሙላው? ወይ ከተማው በግልጽ ይደጉመዋል፣ ወይ ዋጋው ከኑሮው ጋር በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይጨምራል፣ ወይ ሌላ ገቢ ይፈለግለታል። የጤፍ ዋጋ ሲወጣ፣ የታክሲ ታሪፍ ሲወጣ፣ የባቡሩ ትኬት ለዓመታት ባለበት ቆመ። ድጎማውም በሚበቃ መጠን አልመጣም። ድሃውን ላለማስከፋት ብለን ድሃው የሚሳፈርበትን ባቡር አስራብነው። ሁለት ብር መጨመር ይጎዳዋል ያልነው ሰው ዛሬ ለታክሲ ስንት እጥፍ እየከፈለ ነው? ማን ጠየቀው? አራት ብር ከፍሎ ባቡሩ በሰዓቱ ቢመጣለት ይመርጥ እንደሆነ ማን ጠየቀው?

ሌላ ገቢ አልነበረም እንዳይባል ደግሞ፣ ከሁሉ የሚያንገበግበው ይህ ነው። ባቡር በሄደበት መሬት ይወደዳል። ይህን የዓለም ከተሞች ሁሉ ያውቁታል። ሆንግ ኮንግ የባቡር ጣቢያዎቿን ዙሪያ እያለማች፣ ከሕንፃውና ከሱቁ ኪራይ ባቡሩን ታስኬዳለች። እዚህስ? በእኛ አገር ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። አስተዳደሩ መሬቱን በሊዝ ያጫርታል። በ39 ጣቢያዎች ዙሪያ ያለው መሬት ዋጋ ሐዲዱ ሲደርስ ሲጨምር፣ ጭማሪውን ለባቡሩ ለማዋል አዲስ አበባ መልካም ዕድል ነበራት። የመገናኛን አስቡ። የሃያ ሁለትን፣ የስታዲየምን፣ የሜክሲኮን፣ የሳሪስን አስቡ። ፎቆቹ ወጡ። ባንኮቹ ገቡ። የገበያ ማዕከሎቹ ተከፈቱ። ባቡሩ በፊታቸው እያለፈ ደንበኛ አመጣላቸው። ለባቡሩ ከዚያ ሀብት ምን ደረሰው? ከአንድ ጣቢያ ዙሪያ የሚገኝ የሊዝ ገንዘብ ለጥገና ብቻ እንዲውል አንድ ደንብ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ስለ መለዋወጫ እናወራ ነበር? አንድ ደንብ! ለስንቱ ነገር ደንብ የምናወጣ ሰዎች ለዚህ እጃችን አጠረ።

ሐዲዱን ስንዘረጋም ከተማውን አላየነውም። በእነዚያው ዓመታት ያው አስተዳደር በከተማው ዳርቻ የጋራ መኖሪያ ቤቶችን በገፍ ይሠራ ነበር። ጀሞ። የካ አባዶ። ቦሌ አራብሳ። ቱሉ ዲምቱ። መሀል ከተማ ይኖር የነበረ ስንት ቤተሰብ ዕጣ ደረሰው፤ ቁልፍ ተቀበለ፤ ወደ ዳር ወጣ። ሥራው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሐኪም ቤቱ መሀል ቀረ። ባቡር የሚያስፈልገው ሰው ከዚህ በላይ ማን ነው? ባቡሩ ግን አያት ላይና ቃሊቲ ላይ ቆመ። ወደ ፊት ይቀጥላል የተባለው ማራዘሚያ በወረቀት ላይ ቀረ። ቤቱን የሚሠራው ቢሮ አንድ ቦታ፣ ሐዲዱን የሚዘረጋው ተቋም ሌላ ቦታ። አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ ምን ነበረበት? ሁለቱም ካርታቸውን ዘርግተው አንዱ በሌላው ላይ ቢያስቀምጡት ምን ነበረበት?

ይባስ ብሎ ከአገር አቋራጩ ባቡር ጋር እንኳ አላገናኘነውም። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ መስመር የተመረቀው በ2009 ዓ.ም. መስከረም ነው፤ ከከተማው ባቡር በኋላ አንድ ዓመት። ሁለቱም በአንድ ዘመን ተሠሩ። ሁለቱም በቻይና ብድር፣ በቻይና ተቋራጭ ተሠሩ። የአንዱ የመንገደኞች መነሻ ፉሪ ለቡ ነው። የሌላው መጨረሻ ቃሊቲ ነው። ድሬዳዋ ለመሄድ የሚነሳ መንገደኛ ሻንጣውን ይዞ እስከ ለቡ በታክሲ ይንገላታል። ከድሬዳዋ የሚመጣውም በጨለማ ወርዶ መኪና ይፈልጋል። በአንድ ዘመን ሁለት ባቡር የሠራ ሕዝብ ሁለቱን ሳያገናኝ ቀረ። ይህን ማን አጸደቀው? ማን ፈረመበት? ሲፈረምስ ከክፍሉ ውስጥ አንድ እንኳ ቆይ የሚል ሰው ጠፋ?

በትንንሹ ነገር የጠፋው ደግሞ ሌላ ቁስል ነው። ሐዲዱ መሬት ለመሬት በሚሄድበት ሁሉ ሰፈር ለሁለት ተከፈለ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሱቅ፣ ማዶ ያለው ቤተ ክርስቲያን፣ ማዶ ያለው ዘመድ ሩቅ ሆነ። ማቋረጫው ጥቂት ነው፤ አሮጊቷ ዞራ መሻገር አለባት። ከፍ ባሉት ጣቢያዎች ሊፍቱና ተንቀሳቃሹ ደረጃ ሲቆም፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ምን ያድርግ? ነፍሰ ጡሯ ምን ታድርግ? ከመርካቶ ዕቃ ተሸክማ የምትመጣው ሴት ምን ታድርግ? በጣቢያው በር ላይ ታክሲና አውቶቡስ በሥርዓት ቆመው የወረደውን እንዲቀበሉ ማድረግስ ስንት ዶላር ይጠይቅ ነበር? ይህ ቀለም መቀባትና ሰው መመደብ ነበር። የውጭ ምንዛሪ አይፈልግም። የቻይና መሐንዲስ አይፈልግም። ልብ ብሎ ማየት ብቻ ይፈልግ ነበር። እሱንም ነሳነው።

የሚያስቆጨው ደግሞ ይህን ሁሉ ከዚህ በፊት አይተነው ማለፋችን ነው። ባቡሩ ለገሃር ሲደርስ ከአሮጌው የባቡር ጣቢያ አጠገብ ያልፋል። ያ ጣቢያ የፈረንሳዩ ባቡር ጣቢያ ነው። ያ ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ድሬዳዋን የወለደ እሱ ነው። ለዚህች ከተማ ሚስማሩን፣ ቆርቆሮውን፣ ጨርቁን ያመላለሰ እሱ ነው። ሐዲዱ አረጀ፤ አልታደሰም። ድልድዩ ደከመ፤ አልተጠገነም። መኪናው ተሰበረ፤ አልተተካም። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ወደ አዲስ አበባ መምጣቱን ጨርሶ አቆመ። ዘጠና ዓመት የሠራ ባቡር በጥገና እጦት ሞተ። ከስምንት ዓመት በኋላ በዚያው ጣቢያ ደጃፍ አዲስ ባቡር አሳለፍን። አባቶቻችን ያን ባቡር ዘጠና ዓመት አቆይተውልናል። እኛ ይኼኛውን ዘጠኝ ዓመት በጤናው ማቆየት አቃተን። የሞተው ባቡር ጣቢያ በየቀኑ ፊት ለፊታችን ቆሞ እያየነው፣ ትምህርቱ እንዴት አልገባንም?

ለአፍሪካ ከተማ አይሆንም ነበር የሚል ካለ ወደ ካዛብላንካ ይመልከት። ካዛብላንካ የመጀመሪያ የከተማ ባቡሯን የከፈተችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ነው፤ ከእኛ ሦስት ዓመት ቀድማ። በ2019 ሁለተኛውን መስመር ጨመረች። በ2024 ሦስተኛውንና አራተኛውን በአንድ ላይ ከፈተች። እነሱም ከውጭ ነው ያስመጡት። እነሱም ተበድረዋል። እነሱም ትኬቱን ድሃ እንዲችለው አድርገው ነው የተነሱት። ልዩነቱ ምንድን ነው? የጀመሩትን አልተዉትም። አንዱ መስመር በደንብ ስለ ሠራ ሁለተኛውን ለመጠየቅ ፊት አገኙ። ሁለተኛው ስለ ሠራ አራተኛው መጣ። እኛም እንዲሁ ነበር የምንሆነው። ዛሬ ስለ ጀሞ መስመር፣ ስለ የካ አባዶ መስመር እናወራ ነበር። ዛሬ የምናወራው ስንቱ ባቡር ይንቀሳቀሳል የሚለውን ነው።

ታዲያ ከተማችን ምን ታስቀድማለች? ይህ ነው ጥያቄው። ገንዘብ የለም ማለት አንችልም። ጉልበት የለም ማለት አንችልም። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረውን የኮሪደር ልማት ያየ ሰው የዚህች ከተማ አስተዳደር ሲፈልግ ምን ያህል እንደሚችል አይቷል። ቀንና ሌሊት ተሠራ። የእግረኛ መንገድ ተነጠፈ፤ የብስክሌት መንገድ ወጣ፤ መብራት ተተከለ። በዚያው ዓመት የካቲት የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ። መታሰቢያው የቆመው የቃሊቲው የባቡር መስመር ከሚጀምርበት ከምኒልክ አደባባይ አጠገብ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ባቡሩ ምን ላይ ነበር? የእግረኛው መንገድ ይሁን፤ ዛፉም ይተከል፤ ለከተማው ሰው ይገባዋል። ግን ያን የመሰለ ቁርጠኝነት፣ ያን የመሰለ የሌሊት ሥራ፣ ያን የመሰለ የየቀኑ ክትትል ሩቡ እንኳ ለባቡሩ ዴፖ ቢሰጥ ኖሮ ስንቱ ባቡር በተነሳ ነበር? የተቻለውን አይተናል። ስለዚህ አልተቻለም የሚለውን አንቀበልም። አልታሰበበትም። እውነቱ ይህ ነው።

ለምን አልታሰበበትም? መሥራት ያስከብራል፤ መጠገን አያስከብርም። ሲመረቅ ካሜራ ይመጣል፤ ሪባን ይቆረጣል፤ ንግግር ይደረጋል። አንድ ቴክኒሻን ሌሊቱን ሙሉ ፍሬን ሲያስተካክል አድሮ ጠዋት ባቡሩ በሰዓቱ ሲወጣ ማን ያጨበጭባል? የትኛው ሹም ነው ያልቆመውን ባቡር ቁጥር ይዞ ለምክር ቤት በኩራት የቀረበው? አዲስ ፕሮጀክት ያመጣ ይሾማል፤ ያለውን የጠበቀ ይረሳል። ባቡሩም በፌዴራል ተቋም ተሠርቶ በኋላ ለከተማው ተላለፈ፤ የሠራው ሠርቻለሁ ብሎ ሄደ፤ የተረከበው እንዲህ ሆኖ ነው የደረሰኝ አለ። በመካከል ባለቤት ጠፋ። ባለቤት የሌለው ነገር ደግሞ እንዲህ ነው የሚያልቀው።

ጣታችንን ወደ ሹማምንት ብቻ ብንቀስር ግን ዋሾዎች ነን። እኛስ? ባቡሩ ከጥቂት ደቂቃ ወደ ግማሽ ሰዓት ሲዘገይ ምን አልን? ጋዜጠኞቻችን ምረቃውን በቀጥታ ሥርጭት ሲዘግቡ፣ ስንት ባቡር ዛሬ ወጣ፣ ስንቱ ቆመ ብለው በየወሩ ጠየቁ? የተማሩት መሐንዲሶቻችን ድምፃቸውን አሰሙ? የመረጥናቸው የምክር ቤት አባላት ስለ ባቡሩ አንድ ቀን አስጨንቀው ጠየቁ? እኛስ አስጨነቅናቸው? ትኬት ሳንቆርጥ የተሳፈርን አልነበርንም? ጥቂት ጣቢያ ነው ብለን፣ ማን ያየናል ብለን፣ ለመንግሥት ገንዘብ ማን ያዝናል ብለን? ገመዱን የቆረጠው ሌባ ከየት መጣ? የሰረቀውን መዳብ የገዛው ማን ነው? ጎረቤቱ የሚሳፈርበትን ባቡር በጥቂት ብር የሸጠ ሰው ከመካከላችን ነው። አይተን አልፈነዋል። ሰክሮ አጥሩን የጣሰው ሾፌርም የእኛው ነው። የጋራ የሆነውን ነገር የማንም አደረግነው። ይህን ስንል ደስ አይልም፤ ግን ካላልነው ሌላ አሥር ዓመት እናባክናለን።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። እኛ ጅቡ እያለም አልጮኽንም። አሁን እንጩህ፤ ምክንያቱም ባቡሩ ጨርሶ አልሞተም። ሐዲዱ አለ። ጣቢያዎቹ አሉ። ኃይል ማከፋፈያዎቹ አሉ። አሁንም ጠዋት ጠዋት የሚሳፈር ሰው አለ፤ ተጣቦ፣ ቆሞ፣ አንገቱን አስግጎ የሚሄድ። ከተማዋ ግን አልጠበቀችንም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 2.7 ሚሊዮን ነዋሪ ነበራት፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ጎንም ወደ ላይም ሳታቋርጥ አድጋለች። መኪናው በዝቷል። ጭሱ በዝቷል። ባቡሩ ሲመረቅ ያስፈልግ ከነበረው ዛሬ ይበልጥ ያስፈልጋል። ባቡሩ ደግሞ ከተመረቀበት ጊዜ አንሷል። ፍላጎቱ ሲያድግ አገልግሎቱን ያሳነሰ ትውልድ ብንባል ምን መልስ አለን?

የሚደረገው ረጅም ዝርዝር አይደለም። ከጣቢያዎቹ ዙሪያ ከሚገኘው የሊዝ ገቢ የተወሰነው ለባቡሩ ጥገና ብቻ እንዲውል በሕግ ይታሰር፤ ማንም ሹም ለሌላ ፕሮጀክት እንዳያዞረው። የውጭ ምንዛሪ ሲመደብ ለመለዋወጫው የሚሆን ድርሻ በቅድሚያ ይያዝ። ትኬቱ ከኑሮው ጋር ይሂድ፤ ያልቻለው ሰው በግልጽ ይደጎም። ስንት ባቡር እንደ ወጣ፣ ስንቱ እንደ ቆመ፣ ለምን እንደ ቆመ በየወሩ ለሕዝብ ይነገር። ሊፍቶቹ ይሥሩ። ታክሲና አውቶቡሱ በጣቢያው በር ይቁም። የሚጠግኑት ልጆች ደመወዛቸውና ክብራቸው ይጠበቅ፤ ጥሎን የሚሄድ ባለሙያ ማሠልጠን ሌላ ብክነት ነውና።

እናንተም የምታነቡ፣ የምትሳፈሩም የማትሳፈሩም፣ ጠይቁ። የወረዳ ስብሰባ ላይ ጠይቁ። ምርጫ ሲመጣ ጠይቁ። አዲስ ፕሮጀክት ሲታወጅ ከማጨብጨባችሁ በፊት ያለፈው ምን ሆነ ብላችሁ ጠይቁ። ትኬት ቁረጡ። ገመድ ሲቆረጥ ስታዩ ዝም አትበሉ። ያኛውን የፈረንሳይ ባቡር እስኪሞት ድረስ አየነው። ይኼኛውም በአጠገቡ እንዲቀበር ከፈቀድን ድህነት ነው፣ ዕዳ ነው፣ የውጭ ምንዛሪ ነው የሚል ምክንያት አይኖረንም፤ ተሰጥቶን፣ ተሳፍረንበት፣ ወደነው ያባከንነው እኛ ነን። የሚቀጥለው ሪባን ከመቆረጡ በፊት የቆሙት ባቡሮች ይነሱ።